አልጋ ላይ የዋሉ ወላጆችን ያለ ተጨማሪ መድኃኒት እንዴት ማሳረፍ ይቻላል?

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በአራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ፣ እናቱ በስትሮክ ወይም በእርጅና አልጋ ላይ ሲውሉበት ሐኪም ቤት መመላለሱ ራሱ ፈተና ነው። ሊፍት የለም፤ ሰው ተሸክሞ ደረጃ ለማውረድ ጎረቤት መጥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው እንክብካቤ የሚሠራው እቤት፣ በልጅ ወይም በቤት ሠራተኛ እጅ ነው። የታዘደው የግፊትና የስኳር ኪኒን በሰዓቱ ይሰጥ፤ ከዚህ በታች ያለው እሱን አይተካም። እዚህ የምናነሣው ኪኒን የማይደርስበትን ነው፦ ቆዳውን፣ እንቅልፉን፣ ፍርሃቱን፣ ብቸኝነቱን። በሁሉም ደረጃ ላይ አንድ ነገር አይርሱ፤ የተኛው ሰው የሚደረግለት ብቻ ሳይሆን፣ ባለው አቅም የሚወስንና የሚሠራም ሰው ነው።

1. ቀኑን ከሌሊቱ ይለዩ

መጋረጃ ተዘግቶበት የዋለ ሰው ሌሊት አይተኛም። ዓይን የጠዋት ብርሃን ሲያይ ሰውነት ቀን መሆኑን ያውቃል፤ ሲመሽ የሚመጣው እንቅልፍም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ በ1 ወይም በ2 ሰዓት መጋረጃውን ይክፈቱ፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ ያስጠጉ። መቀመጥ የሚችሉ ከሆነ ጋቢ አልብሰው በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ያሙቋቸው። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የረፋዱ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ጠዋቱ ይሻላል። የቀን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ ይነሳል። ቢሆንም ቡናው ሲፈላ መሃል ሆነው ጨዋታውን ይስሙ፤ ካማራቸው በረካዋ ትድረሳቸው። ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይግባ። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ራሱን ችሎ መነሣት የማይችል ሰው ደግሞ ሸሽቶ አያመልጠውም።

2. በየ2 ሰዓቱ ያገላብጡ

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀር። ክብደት አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ያለው ሥጋ ደም ያጣል። የአልጋ ቁስል ብዙ ጊዜ ከውስጥ ስለሚጀምር፣ ቆዳ ላይ እስኪታይ ድረስ ጉዳቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ቶሎ የሚጎዱት የወገብ መጨረሻ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርንና የትከሻ አጥንት ናቸው።

ወደ ቀኝ ሊያዞሯቸው ከሆነ በቀኛቸው በኩል ይቁሙ። መጀመሪያ ይንገሯቸው፤ «እማዬ፣ አሁን ወደ መስኮቱ ላዞርሽ ነው» ማለት ድንጋጤን ያስቀራል። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያድርጉ፤ ግራ ጉልበታቸውን አጠፍ ያድርጉት። ከዚያ አንድ እጅዎን ትከሻቸው፣ ሌላውን ዳሌያቸው ላይ አድርገው በዝግታ ወደ ራስዎ ያምጧቸው። እጃቸውን ይዘው አይጎትቱ፤ በተለይ በስትሮክ የደከመው ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል። ከጀርባቸው ትራስ ሲያስገቡ ሙሉ በሙሉ በጎን እንዳይተኙ፣ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ እንዲያዘነብሉ ያድርጉ፤ አለዚያ ክብደቱ ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። በጉልበቶቹ መካከል አንድ ትራስ፣ ከባት ሥር ሌላ ትራስ ያስገቡ፤ ተረከዙ ፍራሹን መንካት የለበትም። ወደ ላይ ማስጠጋት ሲያስፈልግ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከሥራቸው የተነጠፈውን አንሶላ ይዛችሁ አንሡ፤ መጎተት ቆዳ ይልጣል።

በእያንዳንዱ ማገላበጥ ቆዳውን ይዩ፣ ይዳስሱም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ አይታይም፤ ከዙሪያው ጠቆር ያለ፣ ሞቅ ያለ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካገኙ ምልክቱ እሱ ነው። ደም እንዲዘዋወር ብሎ እሱን ማሸት የተለመደ ነው፤ ግን የተጎዳውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። ቦታው እስኪያገግም ድረስ ክብደት አይረፍበት። መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስም ዙሪያውን ስለሚጫን አይጠቅምም።

3. ሲመገቡ

ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆዩ፣ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ። አፍ በቀን ሁለት ጊዜ ይጸዳ፤ ጥርስ ባይኖርም።

4. እጅና እግር

ማታ ከመተኛታቸው በፊት እጅዎን ያሙቁና በትንሽ ቫዝሊን እጃቸውን ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ በዝግታ ያሹላቸው፤ ለአንድ እጅ 5 ደቂቃ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ የሚነካቸው ለመታጠብና ለልብስ መቀየር ብቻ ከሆነ፣ ይህ ሌላ ዓይነት መነካት ነው፤ ሲተነፍሱ ይታወቃል። እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ማጠብም እንደዚያው ያሳርፋል። ውሃውን በክርንዎ ይለኩት፤ የደነዘዘ እግር ቃጠሎን አይናገርም። የስኳር ሕመም ካለባቸው እግሩን አይዘፍዝፉ፤ ቶሎ አጥበው በጣቶቹ መካከል ያድርቁ። አንዱ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ከሞቀ ፈጽሞ አያሹት፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

5. ሥራና ወሬ ይስጧቸው

ሃምሳ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት በአንድ ጊዜ ምንም የማትጠየቅ ስትሆን ከሕመሙ በላይ ይሰብራታል። ትሪ ላይ ምስር አቅርቡላቸው፤ በአንድ እጅም ቢሆን ይለቀማል። ጥጥ መፍተል የሚያውቁ እንዝርቱን ይያዙ። ዛሬ ሽሮ ይሠራ ወይስ ክክ፣ የትኛው ቀሚስ ይለበስ፣ ማን ይጠራ፣ እሳቸው ይወስኑ። ሥራው ቢዘገይም ከእጃቸው አይንጠቁ።

የድሮ ፎቶ አውጥተው «ይሄ የት ነበር?» ብለው ያስጀምሯቸው። የወጣትነታቸው ዘመን ዘፈን፣ መዝሙር ወይም መንዙማ ለግማሽ ሰዓት ይከፈት፤ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ቴሌቪዥን ግን ያደክማል።

የመርሳት ችግር ካለባቸው «አወቅሽኝ? ማን ነኝ?» የሚለውን የጠያቂ ልማድ ያስቀሩልን። መመለስ ያቃተው ሰው በቤቱ፣ በሰው ፊት ያፍራል። የሚገባው ሰው ራሱ «ታች ፎቅ ያለሁት ጎረቤትሽ ነኝ» ይበል። «እናቴ ጋ ልሂድ» ሲሉም «ሞታለች እኮ» ብሎ መርዶ ማርዳት አያስፈልግም፤ «እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ይጠይቁ፤ ናፍቆቱ በወሬ ይበርዳል።

6. ፍርሃት ሲነሣ

ትንፋሽ ሲያጥራቸውና ሲጨነቁ ደገፍ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ መስኮት ይክፈቱ። አብረው ይተንፍሱ፦ በአፍንጫ ሁለት እስኪቆጠር ማስገባት፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈር ሰብስቦ አራት እስኪቆጠር ማውጣት። በዚህ ካልረገበ፣ ወይም የደረት ሕመም ካለ፣ ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።

7. የሚያስታምመውም ሰው ይረፍ

በየ2 ሰዓቱ ሌሊቱን የምትነሣ አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ሠራተኛ ብዙ አትቆይም። ፈረቃ ያውጡ፤ ተራው ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። «ምን ላግዝ?» ላለ ጎረቤት «ምንም አይደል» አይበሉ፤ «እሁድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አብረሻቸው ቁጭ በይልኝ» ይበሉ። የወረዳውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ማገላበጡን አንድ ጊዜ በተግባር እንድታሳይዎ ይጠይቁ።

ፊት በአንድ በኩል ከወደቀ፣ ንግግር ከተያዘ፣ በድንገት ግራ መጋባት ከመጣ ወይም ትኩሳት ያለው ቁስል ከታየ አይጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ዝምታና ምግብ መጥላት፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃልም የእርጅና ጠባይ አይደለም፤ ድብርት ሊሆን ስለሚችልና ስለሚታከም ለሐኪሙ ይንገሩ።