የጓሮ አፈር ሲያስቸግር፦ ጂፕሰም የሚፈታውና የማይፈታው

ጂፕሰም፣ ካልሲየም ያለበት ነጭ የድንጋይ ዱቄት፣ ጠንካራ አፈር ያላላል፣ ዋልካ ያለሰልሳል፣ ቲማቲም ከመበስበስ ያድናል ይባላል። አብዛኛው የነጋዴ ወሬ ነው። ጂፕሰም በትክክል የሚያክመው አንድ በሽታ ነው፤ እሱም በአፈር ውስጥ የበዛ ሶዲየም ነው። ስለዚህ ኪስዎን ከመፍታትዎ በፊት የሚያዩት ምልክት ከየት እንደመጣ ይለዩ።

ምልክት፦ ውሃ አይሰርግም፣ ያቆረው ውሃ ደፍርሶ ይሰነብታል፣ አፈሩ ሲደርቅ ቅርፊት ያወጣል

የሸክላ አፈር ቅንጣቶችን አያይዞ የሚያቆያቸው በዋናነት ካልሲየም ነው። ሶዲየም ቦታውን ሲወስድበት ቅንጣቶቹ ውሃ በነካቸው ቁጥር ይበተናሉ፤ ደቃቁ ሸክላም ውሃና አየር የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ፣ በመስኖ ሲለማ የኖረ መሬት በጨውና በሶዲየም የተጎዳው በዚህ መንገድ ነው። መቂ ወይም ባቱ አካባቢ ጓሮዎን በጉድጓድ ውሃ የሚያጠጡ ከሆነም መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጥሩ፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ይበዛበታል። በጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ የሚያወጣ ውሃ ለልብስ አጣቢ ሲሳይ ነው፤ አፈሩ ላይ ግን ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ቤት ውስጥ ይሠራል። ሽምብራ የምታህል ደረቅ ጓል ከጓሮው ያንሱና ንጹህ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለው ያስቀምጧት። ውሃው የዝናብ ወይም ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሁን፤ ጨው ያለበት ውሃ ውጤቱን ይደብቃል። ሳይነኩ ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። በጓሏ ዙሪያ ወተት የመሰለ ጉም ከተዘረጋ ተጠርጣሪው ሶዲየም ነው። ጓሏ ፈርሳ ፍርፋሪ ብትሆንም ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረ ግን የጎደለው ኮምፖስት ነው፤ ጂፕሰም አይግዙ። በደፈረሰው ብርጭቆ ላይ ቁንጥር ጂፕሰም ጨምረው ያማስሉት። ሸክላው ተሰባስቦ ሲዘቅጥና ውሃው ሲጠራ ካዩ መድኃኒቱ ለእርስዎ አፈር ይሠራል ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ለአንድ ካሬ ሜትር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የተፈጨ ጂፕሰም ይበትኑና ከላይኛው 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ያደባልቁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 2.5 ግራም ጂፕሰም ብቻ ስለሚያሟሟ አንድ ኪሎው ተሟሙቶ እንዲያልቅ ቢያንስ 400 ሊትር ይፈልጋል። ይህ በባልዲ የሚገፋ ሥራ ስላልሆነ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በትኖ ለዝናቡ መተው ይሻላል። መውረጃ ቦይም ያስፈልጋል፤ ካልሲየሙ ያስለቀቀው ሶዲየም ታጥቦ የሚሄድበት ካጣ እዚያው ሥሩ ዘንድ ይቀመጣል። በዚያው የጉድጓድ ውሃ ማጠጣትዎን ከቀጠሉ ደግሞ በሽታው መመለሱ አይቀርም፤ የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅሙበት በርሜል ካለዎት ይጠቀሙበት።

ምልክት፦ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ

ይህ የአቃቂና የቢሾፍቱ ነዋሪ በደንብ የሚያውቀው ዋልካ ነው። የሚሰነጠቀው ሸክላው ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው። ካልሲየም አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶታል፤ ሌላ ካልሲየም ቢጨምሩበት ጠባዩን አይለውጥም። የሚያዋጣው መደቡን ከፍ አድርጎ ውሃውን በቦይ ማሳለፍ ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ጥቁሩን መሬት በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እያደረጉ ሲያለሙት ኖረዋል፤ ጓሮ ላይም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። በየዓመቱ ኮምፖስት ይጨምሩበት፤ እርጥብ ሳለ አይርገጡት፣ አይቆፍሩት።

ምልክት፦ ገጹ ላይ ነጭ ብናኝ

ነጩ ብናኝ ብዙ ጊዜ ተራ ጨው ነው። አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ በብዙ ውሃ አጥቦ ማስወረድ ይበቃል፤ ጂፕሰም ራሱ ጨው ስለሆነ ያለምክንያት አይጨመርም። ገጹ ጠቆር ብሎ ቅባት የመሰለ ቅርፊት ካለው ግን ሶዲየም ሊሆን ስለሚችል ወደ ብርጭቆው ሙከራ ይመለሱ።

ምልክት፦ የቲማቲሙ ፍሬ ከግርጌው ጠቁሮ ይበሰብሳል

ፍሬው ካልሲየም ማጣቱ እውነት ነው። አፈሩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አለ፤ ተክሉ የሚያገኘው በውሃ አማካይነት ስለሆነ አንድ ሳምንት አስጠምቶ በማግስቱ ማጥለቅለቅ አቅርቦቱን ያቋርጠዋል። አጠጣጡን እኩል ያድርጉ፣ በተክሉ ዙሪያ ያለውን አፈር በደረቅ ሣር ይሸፍኑ።

ምልክት፦ አፈሩ ኮምጣጣ ነው ተባለ

በጎጃምና በወለጋ ደጋዎች የተለመደ ነው። መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው፤ ጂፕሰም የአፈርን ኮምጣጣነት አይቀንስም። ነጭ ዱቄት ሁሉ ስለሚመሳሰል ሻጩን ከማመን ጥቂት አቼቶ ጠብ ማድረግ ይሻላል፦ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አረፋ እያወጣ ይንጨረጨራል፣ ንጹህ ጂፕሰም ዝም ይላል።

ምልክት፦ ጂፕሰም ጨምሬ ምንም አልተለወጠም

ከጓደኛ የሰማሁት ቅሬታ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ያርፋል። መጀመሪያ ከረጢቱን ይዩ። ለኮርኒስ የሚሸጠው ጀሶ የተቃጠለ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፤ መደቡን ሲቆፍሩ ዶማ የሚመልስ ነጭ ጓል ካገኙ እሱ ነው፤ ሰባብረው ያውጡት። ለአፈር የሚፈለገው ያልተቃጠለ፣ በደንብ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከረጢቱ ትክክለኛ ከሆነ ደግሞ ቦዩን ይመርምሩ፤ ከዝናብ በኋላ የሚወርድ ውሃ ካላዩ ሶዲየሙም አልወረደም። የታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ቢጫ ከሆነ ግን ካልሲየሙ በዝቶ ማግኒዥየም አሳጥቶ ይሆናልና መጨመሩን ያቁሙ፤ ከቀጣዩ ከረጢት በፊትም አፈሩን ላቦራቶሪ ያስመርምሩ።