የምግብ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዴት ይቋቋማል፣ እንዴትስ ይመራል?

የምግብ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ የምግብ ሸቀጦችን በጅምላ ገዝተው ለራሳቸው የሚያከፋፍሉበት ድርጅት ነው። ማኅበር ለማቋቋም የተነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ስብሰባቸውን ሱቅ በመፈለግ ይጨርሱታል፤ ሱቁ ግን ኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ቤተሰቦችን ማነጋገር ያስፈልጋል። «አባል ትሆናላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «አዎን» ስለሚል፣ ባለፈው ወር ምን ያህል ሸቀጥ፣ በምን ዋጋና ከየት እንደ ገዙ መጠየቅ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ቀጥሎ በቅድመ ትዕዛዝ መሥራት ይጀመራል። አባላት የሚፈልጉትን አስመዝግበው ገንዘቡን አስቀድመው ይከፍላሉ፤ ግዢው በአንድነት ይፈጸምና ሸቀጡ በዚያው ቀን ይከፋፈላል። ኪራይም ሆነ ክምችት ስለሌለ ኪሳራው አነስተኛ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የትኛው አቅራቢ ሚዛን እንደማያጎድል፣ ማን ቃሉን እንደሚያከብር በተግባር ይታወቃል።

ቡድኑ ከጸና በኋላ የመተዳደሪያ ደንብ ይረቀቃል። ደንቡ የመመዝገቢያ ክፍያን፣ የዕጣ (አባሉ በማኅበሩ ካፒታል ውስጥ የሚገዛው ድርሻ) መዋጮን፣ የአባልነት መቋረጥንና የኮሚቴዎችን የሥራ ዘመን ይወስናል። ብዙ ዕጣ የገዛም ሆነ አንድ ብቻ ያለው፣ በጠቅላላ ጉባኤው እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ይኖረዋል። ደንቡ ሲጸድቅ፣ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴዎች ተመርጠው ማኅበሩ በአገሩ ሕግ መሠረት ይመዘገባል።

ማኅበራት ከሚሰናከሉባቸው ነገሮች አንዱ የዋጋ አወሳሰን ነው። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መጓጓዣና ብልሽት ከሽያጩ 12 በመቶ ይወስዳሉ እንበል። በ100 የተገዛውን ሸቀጥ በ112 መሸጥ በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን የ112 አሥራ ሁለት በመቶ 13.44 ስለሆነ ማኅበሩ በእያንዳንዱ ሽያጭ ይከስራል። ትክክለኛው ስሌት 100ን ለ0.88 ማካፈል ሲሆን፣ ወጪን ብቻ የሚሸፍነው ዋጋ 114 ገደማ ይሆናል። መጠባበቂያ ለመያዝ ደግሞ ከዚህ ጥቂት ከፍ ማለት ግድ ነው። አባላት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅግ ርካሽ ዋጋ ቢጠብቁም፣ በገበያ ዋጋ ሸጦ ትርፉን በዓመቱ መጨረሻ መመለስ የበለጠ አስተማማኝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች የመሠረቱት ማኅበር የታወቀው በዚሁ አሠራር ነበር፤ እነርሱም በዱቤ አይሸጡም ነበር። ዱቤ ለጎረቤት መከልከል የሚያሳፍር ቢመስልም፣ ለአቅራቢ የሚከፈለውን ጥሬ ገንዘብ ስለሚያስር በደንቡ ውስጥ በግልጽ መከልከል አለበት።

በዕለት ተዕለት ሥራ ግዢውን የሚፈጽመው፣ ዕቃውን የሚረከበውና ገንዘቡን የሚይዘው ሰው የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ ይህ ሥርዓት ሌባን ከመያዝ ይልቅ ታማኙን ሰው ከሐሜት ያድናል። እህልና ዱቄት ከወለል ከፍ ብለው፣ ከግድግዳ ርቀው ይቀመጣሉ፤ የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይሸጣል። ቆጠራ ቢያንስ በየወሩ ተካሂዶ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ጉድለት ከተገኘም በዚያው ሳምንት ምክንያቱ ይጣራል።

በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ከተጣራው ትርፍ መጠባበቂያው ከተቀነሰ በኋላ፣ ቀሪው አባላት በገዙት መጠን ይከፋፈላል። ለምሳሌ የሚከፋፈለው 10,000፣ የአባላት ጠቅላላ ግዢ ደግሞ 200,000 ከሆነ ተመላሹ 5 በመቶ ነው፤ በዓመቱ 6,000 የገዛ አባል 300 ያገኛል። ስለዚህ የእያንዳንዱ አባል ግዢ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በስሙ መመዝገብ ይኖርበታል፤ አባል ላልሆኑ ሰዎች ከተሸጠው የተገኘው ትርፍ ግን ሳይከፋፈል ወደ መጠባበቂያው ቢገባ ይመረጣል።