አልትራቫዮሌት ጨረር የቆዳን ፕሮቲን ምን ያህል እንደጎዳ እንዴት ይለካል?

ፀሐይ የመታው ቆዳ ሲቀላ ወይም ሲላጥ በዓይን ይታያል። ፕሮቲኑ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ቀለም አስይዘው ካላወጡት አይታይም። ጨረሩ ቆዳ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አነቃቅቶ ፕሮቲኑን ሲያስጠቃ፣ ላይሲን፣ አርጂኒን፣ ፕሮሊን እና ትሪዮኒን በተባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ካርቦኒል የሚባል ጠባሳ ይተዋል። ዲኒትሮፌኒልሃይድራዚን የተባለው ኬሚካል (ባጭሩ ዲኤንፒኤች) ይህን ጠባሳ ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ የተጣበቀው ደግሞ 370 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣል። ሮድኒ ሌቪን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው። ኬሚስትሪው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ውጤት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ሥር ነው።

ቆዳው

የሚሠራው ከቀዶ ሕክምና በተረፈ ቆዳ ነው፤ ለምሳሌ ከሆድ ላይ ትርፍ ቆዳ ሲነሳ። የታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ እና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ሳይኖር አይጀመርም። በራስዎ ክንድ ላይ ለመሞከር እንዳያስቡ።

ከሥሩ ያለውን ስብ በመቀስ ያንሱና በ8 ሚሊሜትር መብሻ ክብ ክብ አድርገው ይቁረጡ። ጨረር የሚመታውም የማይመታውም ከአንድ ሰው ቆዳ መሆን አለበት። የሜላኒን (የቆዳ ቀለም ሰጪው) መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ የአንዱን ከሌላው ማነጻጸር የጨረሩን ሳይሆን የሰዎቹን ልዩነት መለካት ይሆናል። ቁርጥራጮቹን የላይኛው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ በፎስፌት ጨው ውሃ በራሰ ፋሻ ላይ ይደርድሩ። የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ አይጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ሪቦፍላቪን ብርሃን ሲያገኘው ራሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስለሚፈጥር መብራቱ ያላደረሰውን ጉዳት ያደርሳል።

መብራቱ

አልትራቫዮሌት (ባጭሩ ዩቪ) ሁለት ዓይነቱ እዚህ ያስፈልገናል። ዩቪኤ (ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር) ወደ ውስጠኛው ቆዳ ይዘልቃል፤ ዩቪቢ (ከ280 እስከ 315) ግን አብዛኛው እላይኛው ንብርብር ላይ ይቀራል። የትኛውን እንደሚለኩ አስቀድመው ይወስኑ። ለዩቪኤ ከመብራቱ ሥር ተራ የመስኮት መስታወት ቢያደርጉ ሾልኮ የሚመጣውን ዩቪቢ አብዛኛውን ይይዝልዎታል። የዩቪቢ አምፖሎች በበኩላቸው ከ290 በታች የሆነ፣ ፀሐይ ወደ ምድር የማታደርሰው ጨረር ትንሽ ይለቃሉ፤ ይህን የሴሉሎስ አሴቴት ሽፋን ያስቀረዋል፤ ሽፋኑ ግን እየቆየ ስለሚደክም መቀየር አለበት።

መብራቱን አብርተው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሳይሞቅ ጉልበቱ አይረጋም። ከዚያ የጨረር መለኪያውን ልክ ቆዳው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ አድርገው ያንብቡ፤ መሃል ላይ ብቻ ሳይሆን ዳር ዳሩንም፣ ምክንያቱም ዳር ላይ ያለው ጨረር ደካማ ነው። የሳህኑን ክዳን ያንሱ። ፕላስቲኩ ለዓይን ጥርት ያለ ቢሆንም ዩቪቢን ይውጣል፤ «ምንም ለውጥ የለም» የሚባለው ውጤት ስንት ጊዜ ከዚች ክዳን እንደመጣ!

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር የተነበበውን በሰከንድ አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ይሰጣል። መለኪያው 5 ሚሊዋት ካለ፣ 20 ጁል ዩቪኤ ለመስጠት 4,000 ሰከንድ፣ ማለትም 66 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያስፈልጋል። ለ100 ሚሊጁል ዩቪቢ በ0.5 ሚሊዋት 200 ሰከንድ ይበቃል። በጠራ ቀን ጣሪያ ላይ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት ያጓጓል፤ ነገር ግን አንዲት ዳመና ስታልፍ መጠኑ ይለወጣል፣ ነገ ደግሞ አይደገምም።

ማነጻጸሪያዎቹን፣ ማለትም ጨረር የማይመታቸውን ቁርጥራጮች፣ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልለው እዚያው መብራቱ ሥር፣ ለዚያው ያህል ጊዜ ያስቀምጡ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ የሙቀቱ ጉዳት በጨረሩ ስም ይመዘገባል። ሳህኑን በረዶ በያዘ ትሪ ላይ አድርገው ቴርሞሜትር ይክተቱበት፤ ከ37 ዲግሪ እንዳያልፍ። ፋሻው ሲደርቅ ያርጥቡት። ዩቪ የሚከላከል መነጽር እና ጓንት ግዴታ ነው።

ፕሮቲኑን ማውጣት

ጨረሩ እንዳበቃ ቆዳውን በረዶ ላይ በስለት ይክተፉት። ለ100 ሚሊግራም ቆዳ 1 ሚሊሊትር የ50 ሚሊሞላር ፎስፌት ፈሳሽ (ፒኤች 7.4) ይበቃል፤ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ እና የፕሮቲን በታኝ ኢንዛይም ማገጃ ይጨመርበት። ኢዲቲኤው ብረትን አስሮ ይይዛል፤ ያለ እሱ ካርቦኒል በመፍጨቱ ሂደት ይፈጠራል። ቆዳ እንደ ጠፍር ስለሚጠነክር በሴራሚክ እንክብል መፍጫ 30 ሰከንድ ፈጭቶ፣ በረዶ ላይ አሳርፎ፣ እንደገና መፍጨት ነው። በ10,000 ጂ (በምድር ስበት 10,000 እጥፍ) ለ15 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ አሽከርክረው ላዩን ፈሳሽ ይውሰዱ። ኬራቲን እና ኮላጅን የተባሉት የማይሟሙ የቆዳ ፕሮቲኖች አብዛኛው ከሥር ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሚያገኙት ቁጥር የሚሟሟውን ፕሮቲን ብቻ የሚመለከት መሆኑን ውጤቱ ላይ ይጻፉ።

ፈሳሹ በ280 ናኖሜትር የዋጠው ብርሃን በ260 ናኖሜትር ለዋጠው ሲካፈል ከ1 ካነሰ ዲኤንኤ እና አርኤንኤ ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ እነሱም ከዲኤንፒኤች ጋር ስለሚያያዙ ቁጥሩን ያሳብጣሉ። ስትሬፕቶማይሲን ሰልፌት 1 በመቶ እስኪሆን ጨምረው 15 ደቂቃ ቆይተው ያዝቅጡት።

ቀለሙ

ዲኤንፒኤች 10 ሚሊሞላር ሆኖ በ2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይዘጋጃል፤ ለ100 ሚሊሊትር 0.198 ግራም ደረቅ ክብደት። ኬሚካሉ ብዙ ጊዜ 30 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ስለሚመጣ በሚዛን 0.283 ግራም ይሆናል። ውሃውን ለማድረቅ አይሞክሩ፤ ደረቁ ይፈነዳል።

ከእያንዳንዱ ናሙና 200 ማይክሮሊትር በሁለት ቱቦ ይቅዱ (በሚሊሊትር 2 ሚሊግራም ፕሮቲን ይበቃል)። በአንዱ 800 ማይክሮሊትር ዲኤንፒኤች፣ በሌላው አሲዱን ብቻ። ጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው እየነቀነቁ። ከዚያ 1 ሚሊሊትር 20 በመቶ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ጨምረው በረዶ ላይ 10 ደቂቃ ያቆዩና በ10,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩ።

ቱቦው ሥር የቀረውን ቢጫ ዝቃጭ በእኩል የተቀላቀለ ኤታኖል እና ኢታይል አሴቴት፣ 1 ሚሊሊትር እየጨመሩ ሦስት ጊዜ ይጠቡ። የመጀመሪያው እጣቢ እንደ ጠጅ ቢጫ ነው፤ ሦስተኛው እንደ ውሃ ካልጠራ አራተኛ ጊዜ ይጠቡት። ዝቃጩ እንደ ቂጣ ተጋግሮ ከቀረ በፕላስቲክ ዘንግ ይፈርፍሩት፤ አለበለዚያ በውስጡ የታፈነው ዲኤንፒኤች እንደ ካርቦኒል ይቆጠራል። በመጨረሻ በ500 ማይክሮሊትር 6 ሞላር ጓኒዲን (ፕሮቲን የሚያሟሟ ኬሚካል፣ ፒኤች 2.3) በ37 ዲግሪ ያሟሙት፤ ያልሟሟውን አሽከርክረው ይለዩ።

ንባቡ

በ1 ሴንቲሜትር ኪዩቬት (ብርሃን በሚያሳልፍ የመለኪያ ዕቃ) የተዋጠውን ብርሃን 370 ናኖሜትር ላይ ያንብቡና ከዲኤንፒኤች ቱቦው የአሲዱን ቱቦ ይቀንሱ። ልዩነቱን በ45.5 ሲያባዙ ናኖሞል በሚሊሊትር ያገኛሉ፤ ይህ ቁጥር የመጣው ካርቦኒል ላይ የተጣበቀው ዲኤንፒኤች ብርሃን ከሚውጥበት ልክ፣ ከ22,000 (በሞላር በሴንቲሜትር)፣ ነው። ልዩነቱ 0.040፣ ፕሮቲኑ በሚሊሊትር 0.8 ሚሊግራም ከሆነ፣ 1.82 ለ0.8 ሲካፈል ወደ 2.3 ናኖሞል በሚሊግራም ይመጣል። የፕሮቲኑን መጠን መጀመሪያ ከቀዱት አይውሰዱ፤ በማጠብ ከፊሉ ይጠፋል። ከአሲዱ ቱቦ በ280 ላይ፣ በዚያው ጓኒዲን ከተሟሟ፣ መጠኑ ከታወቀ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ጋር አነጻጽረው ይለኩ። ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን የሚያነብ መሣሪያ ከተጠቀሙ ብርሃኑ የሚሄድበት ርቀት 1 ሴንቲሜትር ስላልሆነ ሳያስተካክሉ አያባዙ።

ፎይል የተጠቀለለውም ያልተጠቀለለውም እኩል ከፍ ካለ ሙቀቱን ወይም የተረሳውን ኢዲቲኤ ይጠርጥሩ። ሁለቱም እኩል ዝቅ ካሉ ክዳኑን እና የአምፖሉን ዕድሜ። ከአንድ ሰው ቆዳ አሥር ቱቦ ቢያነቡም የተለካው አንድ ሰው ነው፤ ቢያንስ ሦስት ለጋሽ ያስፈልጋል። የተረፈውን ዲኤንፒኤች እርጥብ እንዳለ ለብቻው በተዘጋ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ደርቆ የሚቀረውን ዱቄትም ሳይከፍቱ በፊት በውሃ ያርሱት።