የሰዓት ደብተር፦ በኢንተርኔት ፈጣን ቼዝ የሚጫወት ሰው አጨዋወቱን የሚያውቅበትና የሚያሻሽልበት መንገድ

በባሕር ዳር በስልካቸው ቼዝ የሚጫወቱ ወጣቶችን ስለ አጨዋወታቸው ስጠይቅ አብዛኞቹ «አጥቂ ነኝ» ይሉኛል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ «ተጠንቅቄ ነው የምጫወተው» ብለው ይመልሳሉ። ጨዋታዎቻቸውን አብረን ከፍተን ስናይ ግን ከማጥቃትም ከመከላከልም የሚቀድም አንድ ነገር እናገኛለን፤ እሱም ሰዓታቸውን ምን ላይ እንዳዋሉት ነው። በፈጣን ቼዝ የአንድ ተጫዋች ጠባይ ከጠጠሮቹ ይልቅ በሰዓቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ መሻሻል የሚፈልግ ሰው ሥራውን ከዚያ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀርለታል።

የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዴ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሚሰጥበትን ጨዋታ ብሊትዝ ይለዋል፤ ከ10 ደቂቃ በልጦ ከ60 ደቂቃ የሚያንሰው ራፒድ ነው። በኢንተርኔት ከ3 ደቂቃ በታች የሆነው ቡሌት ይባላል። እዚህ የምጽፈው በተለይ ስለ 3 ደቂቃው ጨዋታ ነው፤ በዙሪያዬ በብዛት ሲጫወቱት የማየው እሱን ነውና። ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ ጨዋታው 40 እርምጃ ቢፈጅ ለአንድ እርምጃ የሚደርሰው 4 ሰከንድ ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ 30 ሰከንድ ያሰበ ሰው ከስድስት የሚበልጡ እርምጃዎችን ድርሻ በአንድ ጊዜ ተጠቅሟል ማለት ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ በጣና ዳር ከዘንባባዎቹ ሥር ከአንድ የምህንድስና ተማሪ ጋር ተቀምጠን የተሸነፈበትን ጨዋታ በስልኩ ከፈትን። በ34ኛው እርምጃ ላይ ተጋጣሚውን በአንድ ሩክ ይበልጠው ነበር፤ ሰዓቱ ላይ የቀረው ግን 6 ሰከንድ ነው፤ ተጋጣሚው 41 ሰከንድ አለው። ወደ ኋላ እየመለስን እያንዳንዱ እርምጃ የወሰደበትን ጊዜ ስናይ በ14ኛው ላይ 38 ሰከንድ እንደቆየ አገኘን። ጥያቄው ከሁለቱ ሩኮች የትኛው ወደ ዲ መስመር ይምጣ የሚል ነበር። «ጋሼ፣ የተሻለውን ፈልጌ ነው» አለኝ። ጨዋታውን በኮምፒውተር ስናስመረምረው በሁለቱ ሩኮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ29ኛው እርምጃ ላይ ግን በሁለት እርምጃ የሚያልቅ ማት ነበረው፤ ሳያየው በአንድ ሰከንድ ሌላ እርምጃ ተጫውቶ አለፈው። ልዩነት በሌለበት ቦታ 38 ሰከንድ፣ ጨዋታው በሙሉ በተንጠለጠለበት ቦታ ደግሞ አንድ ሰከንድ አወጣ። ይህ ልጅ የታክቲክ ችሎታ አያንሰውም፤ የጎደለው ማሰቢያውን ሰዓት ከማያሳስበው መለየት ነው።

እርስዎም ይህን በራስዎ ጨዋታ ላይ ማየት ይችላሉ። ቼዝ በሚያጫውቱት ድረ ገጾች፣ በሊቼስም ሆነ በቼስ ዶት ኮም፣ ያለቁ ጨዋታዎች ተቀምጠው ይቆያሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ የፈጀው ጊዜም ይታያል። የመጨረሻዎቹን 20 ሽንፈቶችዎን ይክፈቱና ተራ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ አራት ነገር ይጻፉ፦ 10ኛው እርምጃ ላይ የቀረዎትን ሰዓት፣ 20ኛው ላይ የቀረዎትን፣ ብዙ ያሰቡበትን እርምጃና ያሰቡበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም የተሸነፉበትን ምክንያት። በሞተር፣ ማለትም ጨዋታን በሚመረምር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ከመመርመርዎ በፊት በራስዎ ቃል ይጻፉት፤ ሞተሩ ትክክለኛውን እርምጃ ይነግርዎታል እንጂ ያን ጊዜ በልብዎ ውስጥ ምን እንደነበረ አያውቅም። ማሸነፍዎንም አይርሱ፤ በተሸነፉበት ልማድ ያሸነፉበት ቀንም ይኖራልና ጥቂት ድሎችን ጨምረው ይመልከቱ።

ደብተሩ ሲሞላ ብዙ ሰው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ራሱን ያገኛል። አንዱ እንደ ተማሪው ቀድሞ የሚያስብ ነው፤ 20ኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቶታል። ሌላው ጨዋታው ሲያልቅበት ገና አንድ ደቂቃ ተኩል በሰዓቱ ላይ አለ፤ ፍጥነቱን እንደ ችሎታ ቆጥሮታል፤ ያልተጠቀመበት ሰዓት ግን ለማንም አይተርፍም። ሦስተኛው እስኪበልጥ ድረስ ጥሩ ተጫውቶ ከበለጠ በኋላ የሚፈራ ነው። ለሦስቱ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ስህተት ነው፤ ቀድሞ ለሚያስበው «ፍጠን» ቢባል ይጠቅመዋል፤ ለሁለተኛው ያው ምክር መርዝ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ተጫዋች አንድ ልማድ ብቻ ቢይዝ በጥቂት ሳምንታት ይለወጣል። ጣቱን ከስልኩ ከማንሳቱ በፊት «ይህን ብጫወት ተጋጣሚዬ ቼክ አለው? የሚበላው ጠጠር አለው?» ብሎ ይጠይቅ። ሲለመድ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይፈጅም፤ በዝቅተኛ ሬቲንግ (የተጫዋች የችሎታ ነጥብ) ላይ ያሉ ሽንፈቶችን አብዛኛውን ክፍል የሚያስቀረውም ይኸው ነው።

ቀድሞ የሚያስበው ሰው ግን መቼ መቆም እንዳለበት ምልክት ያስፈልገዋል። እኔ አራት ምልክቶችን አስተምራለሁ። በአንድ ቤት ላይ ብዙ ጠጠሮች ተፋጠው መበላላት ሊጀመር ሲል፣ ከሁለቱ ንጉሦች የአንዱ መከለያ ወታደር ሲከፈት፣ ተጋጣሚ ፈጽሞ ያልጠበቁትን እርምጃ ሲጫወት፣ እንዲሁም ንግሥቶች ሊለዋወጡ ሲሉ፤ ንግሥት ከተለወጠ በኋላ ተመልሶ የሚስተካከል ነገር የለምና። በእነዚህ ቦታዎች 15 ወይም 20 ሰከንድ ማውጣት ብክነት አይደለም። ከእነዚህ ውጭ ከሆነና ሁለት እርምጃዎች እኩል ጥሩ መስለው ከታዩዎ መጀመሪያ ያዩትን ይጫወቱ።

መክፈቻን በተመለከተ ጥቂት፣ ነገር ግን የታወቀ መንገድ ይበቃል። በነጭ የለንደንን አሰላለፍ፣ በጥቁር ካሮ ካንን የያዘ ሰው የመጀመሪያዎቹን ስምንት እርምጃዎች በ20 ሰከንድ ውስጥ ጨርሶ በሚያውቀው ቦታ ላይ ይደርሳል። በአገራችን የቆየው ሰንጠረዥ ላይ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፉ ነበር፤ ወረራ ይባላል። ያን ጊዜ እጅ የራስን ወገን ሲያሰልፍ ዓይን ከተጋጣሚው እጅ መለየት አይችልም ነበር። የዛሬው ፈጣን መክፈቻም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ አሰላለፉን በቃል ማወቅ ተጋጣሚን ላለማየት ፈቃድ አይደለም።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚገለጠው በፕሪሙቭ፣ ማለትም ተጋጣሚ ሳይጫወት እርምጃን አስቀድሞ በማዘዝ ላይ ነው። በሊቼስ ፕሪሙቭ ምንም ሰዓት አይወስድም፤ በቼስ ዶት ኮም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያስከፍላል። ስለዚህ ፈተናው ትልቅ ነው። እስቲ ይህን ይመልከቱ፦ ነጭ ወታደሩን ወደ ቢ3 ገፋ፤ ጥቁር ጂ6 ተጫወተና ቀጣዩን እርምጃ፣ ጳጳሱን ወደ ጂ7፣ አስቀድሞ አዘዘ። ነጭ ጳጳሱን ቢ2 ላይ ሲያስቀምጥ የታዘዘው እርምጃ ወዲያው ይፈጸማል፤ የነጩ ጳጳስም ረጅሙን ሰያፍ መስመር ተከትሎ ጂ7 ላይ ያለውን ጳጳስ በነጻ ይበላል፤ መልሶ የሚበላው የለም፤ ኤች8 ላይ ያለው ሩክም ተይዟል። ጨዋታው በሦስት እርምጃ ተበላሸ። ልጓሙ ይህ ነው፦ ፕሪሙቭ የሚታዘዘው ተጋጣሚ ምንም ቢጫወት ጉዳት የማያመጣ እርምጃ ሲሆን፣ ወይም ተጋጣሚው አንድ ሕጋዊ እርምጃ ብቻ ሲኖረው ነው። ጠጠርዎን ተጋጣሚው ሲበላ የበላውን መልሶ ለመብላት ማዘዝም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ተጋጣሚው ካልበላ እርምጃው ሕጋዊ ስለማይሆን ይሰረዛል።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ከበለጠ በኋላ የሚፈራው ተጫዋች፣ መድኃኒቱ የመጨረሻውን ጨዋታ እጁ እስኪያውቀው መለማመድ ነው። ንግሥትና ንጉሥ በብቸኛ ንጉሥ ላይ ቢበዛ በ10 እርምጃ ማት ያደርጋሉ፤ ሩክና ንጉሥ ቢበዛ በ16። በ10 ሰከንድ ውስጥ ለማድረግ ግን ማሰብ የማያስፈልገው ዘዴ ይጠይቃል። ለንግሥት የምወደው ዘዴ ይህ ነው፦ ንግሥትዎን ከተጋጣሚው ንጉሥ በፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ ያስቀምጧት፤ ከዚያ ንጉሡ በሄደበት አቅጣጫ ያንኑ እርምጃ እየደገመች ትከተለው። ንጉሡ ቦታ እያጣ ወደ ማዕዘን ይጠጋል። አደጋው እዚህ ነው፤ ንጉሡ ኤች8 ላይ ሲገባ ንግሥቲቱ በፈረስ ዝላይ ርቀት ጂ6 ላይ ብትቆም ንጉሡ ቼክ ሳይኖርበት መሄጃ ያጣል፤ ስቴልሜት ሆኖ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። ስለዚህ ንጉሡ ማዕዘን ሲደርስ መከተሉን ያቁሙ፤ ንግሥቲቱን ኢ7 ላይ ያቁሟት፤ ንጉሡ ከጂ8 ወደ ኤች8 ከመመላለስ በቀር ምርጫ አይኖረውም። ከዚያ ንጉሥዎን እስከ ኤፍ6 ያምጡና ንግሥቲቱን ጂ7 ላይ አስቀምጠው ማት ያድርጉ። በሊቼስ ከኮምፒውተር ጋር ይህን ቦታ አዘጋጅተው ሃያ ጊዜ ቢደጋግሙት እጅዎ ራሱ ያስታውሰዋል።

በተቃራኒው ሰዓትዎ ሊያልቅ ተቃርቦ የማሸነፍ ተስፋ ከሌለዎ የተጋጣሚውን የመጨረሻ ወታደር ለመብላት ይሞክሩ፤ ብቸኛ ንጉሥ ለቀረው ሰው የእርስዎ ሰዓት ማለቅ ድል አይሰጠውም፤ ውጤቱ አቻ ነው።

ስለ ልምምድ፣ ሦስት ደቂቃ የሚፈጀው የሊቼስ ፐዝል ስቶርም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚያፈጥነው አስቀድመው የሚያውቁትን ቅርጽ ነው። አዲስ ቅርጽ የሚጨመረው ሰዓት በሌለበት፣ መልሱን እስከ መጨረሻው አስበው በሚፈቱት ፐዝል ላይ ነው። በሳምንት ሁለት የ15 ደቂቃ ጨዋታ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር፣ ማለትም በየእርምጃው ሰዓትዎ ላይ 10 ሰከንድ እየታከለ፣ መጫወትም በጣም ይረዳል። ብሊትዝ ብቻ የሚጫወት ሰው በአንድ ቦታ ቆሞ ሲረግጥ ብዙ አይቻለሁ።

የእኛን አካባቢ ሁኔታም መርሳት አይገባም። ዝናብ ሲጥል መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋይ ይጠፋል፤ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ እስኪዞር ጨዋታው ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት አንዱን መርጠው ሌላውን ይዝጉ፤ በክረምት ሞባይል ዳታውን እመርጣለሁ። ድረ ገጾቹ በመስመር መዘግየት የሚጠፋውን ጊዜ በከፊል ይመልሳሉ እንጂ ሁሉንም አይመልሱም። በየእርምጃው የሰከንድ ሦስት አሥረኛ ቢጠፋብዎ በ60 እርምጃ 18 ሰከንድ ነው፤ በቡሌት ይህ ጨዋታውን ያህላል። በሊቼስ ስምዎን ሲነኩ በሚከፈተው ዝርዝር ላይ ፒንግ የሚለው፣ የመስመሩን መዘግየት የሚያሳይ ቁጥር ከወትሮው ከፍ ብሎ ካዩት 3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ይምረጡ። የዓለም የብሊትዝ ሻምፒዮናም የሚካሄደው በዚሁ ሰዓት ስለሆነ ከደረጃ መውረድ አይደለም።

ሁለት ጊዜ ተከታትለው ከተሸነፉ ስልኩን ዘግተው ተነሥተው ይንቀሳቀሱ። በንዴት የተጫወትኳቸውን ጨዋታዎች ደብተሬ ላይ ስመለከት ሰዓቴም እርምጃዬም የሌላ ሰው ይመስላሉ።

ያ ተማሪ ደብተሩን ከጀመረ ከአንድ ወር በኋላ ተገናኝተን ነበር። በ20ኛው እርምጃ ላይ የሚቀረው ሰዓት አሁን ከአንድ ደቂቃ በታች አይወርድም። በሰዓት መሸነፉ ቀንሶ የሽንፈቱ ምክንያት በሚጻፍበት ዓምድ ላይ «ፈረሴን ሳላይ ተበላ» የሚለው በዝቷል፤ እናም በዚህ ሳምንት የሁለተኛውን ዓይነት ተጫዋች ጥያቄ፣ ቼክና የሚበላ ጠጠር አለ ወይ የሚለውን፣ በየእርምጃው እየጠየቀ ነው።