ለልጆች የቤት ሕግ ስናወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲከፋ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ቤት ውስጥ ይታጎራሉ። ጩኸቱ፣ ጭቃው፣ የሪሞት ጠቡ ሁሉ የሚጀምረው ያኔ ነው። አብዛኞቻችንም የቤት ሕግ የምናወጣው እንዲህ ተማረን ሳለን ነው። ስህተቱም ከዚሁ ይጀምራል፤ በንዴት የወጣ ሕግ ንዴቱ ሲበርድ ይረሳል።

ሌላው ማብዛት ነው። ሃያ ሕግ ጽፈን ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ ልጁ ቀርቶ እኛም አናስታውሰውም። አራት ወይም አምስት ይበቃል። ቃሉም ልጁ ራሱ ሊደግመው የሚችል ይሁን። «ሥርዓት ያዝ» ለስድስት ዓመት ልጅ ምንም አይነግረውም። «ጫማህን በር ላይ አውልቅ»፣ «ሳንጸልይ መብላት አንጀምርም»፣ «ስትናደድ ተናገር እንጂ አትማታ» ግን ይገባዋል።

ሕጉን እኛው ማፍረሳችንም አለ። አባት ጭቃ በጭቃ በሆነ ቦቲ ሳሎን ድረስ ከገባ የጫማው ሕግ አበቃለት። ከዚህ የሚብሰው ውሸት ነው። ልጁን «አትዋሽ» ብለን ስናበቃ፣ ስልክ ሲደወል «የለም በለው» እንለዋለን። ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ያለው ለልጆች ብቻ አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ እግዚአብሔርን ማስፈራሪያ ማድረጋችን ነው። ቡና ተፈልቶ ልጅቷ ረከቦቱን ገፋ ታደርግና ስኒ ይሰበራል። «እግዜር ይቆጣሻል!» እንላታለን። ወይም ለቅጣት «ሂጂና ጸልዪ»፣ «መዝሙረ ዳዊት ቅጂ» እንላታለን። ልጅቷ ከዚህ የምትማረው ጸሎት ቅጣት መሆኑን፣ እግዚአብሔርም የስኒ ዘበኛ መሆኑን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስባሪውን ሶፋ ሥር ትደብቃለች። ስባሪውን አብራችሁ ጥረጉ። «ቡና ሲቀርብ ረከቦቱ አጠገብ አይሮጥም» በሏት። በቃ። ማታ ስትጸልዩ ስኒውን አታንሱት።

«ልጆች ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ» የሚለውን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ስንት ጊዜ ደግመንለታል! ኤፌሶን 6 ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ቁጥር 4 ላይ ወደ አባቶች ዞሮ ልጆቻችሁን «አታስቆጡአቸው» ይላል። ይህንንም ልጆቹ ፊት ጮክ ብለን እናንብበው። ተግሣጽ አይቀርም፤ እዚያው ጥቅሱ ውስጥ አለ። ግን ለወላጅም ወሰን እንዳለው ልጆቹ ይወቁ።

እኛ ከተማ በተለይ ልብ የሚሻው የጎረቤት ነገር ነው። ልጆቻችን ከሙስሊም ጎረቤት ልጆች ጋር ነው የሚያድጉት። «እነሱ ቤት እንዳትበላ» የሚል ደረቅ ሕግ ልጁ ጆሮ ውስጥ ንቀት ሆኖ ይገባል። ነገሩ ሥጋ ከሆነ ሥጋ መሆኑን ንገሩት። «ሥጋ ሲሰጡህ ‹እማማ፣ አመሰግናለሁ፣ እኛ አንበላም› በል። ሻይና ዳቦውን በሁለት እጅህ ተቀበል።» በረመዳንም ጓደኛው ፊት ብስኩት ይዞ እንዳይወጣ ንገሩት። ይሄም የክርስቲያን ቤት ሕግ ነው። የእናንተን ጾም በተመለከተ ደግሞ ልጁ ከስንት ዓመቱ እስከ ስንት ሰዓት ይጹም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ እንጂ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

የማይፈጸም ዛቻም ይቅር። «ሁለተኛ ቴሌቪዥን አታይም» ብሎ ማታ መክፈት ሕጉን ያረክሰዋል። «ዛሬ አታይም» በሉና ዛሬን ጠብቁ። እናት የከለከለችውን አባት ወይም አያት የሚፈቅዱ ከሆነ ደግሞ ልጁ ቶሎ ነው የሚነቃው። ትልልቆቹ አስቀድመው፣ ልጁ በሌለበት ይስማሙ።

ሕግ ከልጁ ጋር ማደግም አለበት። ለአምስት ዓመት ልጅ የወጣው ለአሥራ ሁለት ዓመቱ ልክ አይሆንም። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሲከፈት አብራችሁ ተቀመጡና «የትኛው ከበዳችሁ? የትኛውስ አይጠቅምም?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሚሉትን ሳታቋርጡ ስሙ።