በብዙ ዓለማት ትርጓሜ የመትረፍ ዕድል እንዴት ይሰላል?

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ኤቨሬት እ.ኤ.አ. በ1957 ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ የኳንተም ልኬት (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን መለካት) አንዱን ውጤት መርጦ ሌሎቹን እንደማያጠፋ፣ ይልቁንም ሁሉም በየቅርንጫፋቸው፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚኖሩ ዓለማት፣ እንደሚቀጥሉ አስረዳ፤ ይህ በኋላ የብዙ ዓለማት ትርጓሜ ተባለ። ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው በአንዱ ቅርንጫፍ ሁልጊዜ ስለምተርፍ ሞት አያገኘኝም» የሚሉ አሉ። አባባሉን ከመቀበልዎ በፊት ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት።

«ሁለት ውጤት ካለ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው» እያሉ ቅርንጫፍ መቁጠሩን ይተዉት። ሁለት የፖላራይዝድ መነጽር መስታወቶችን (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉትን) ደርበው ወደ ብርሃን ይያዙና አንዱን ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ብርሃኑ እየደበዘዘ ሄዶ 90 ዲግሪ ላይ ሊጠፋ ይደርሳል። አሁን መልሰው 60 ዲግሪ ላይ ያቁሙት። የፊተኛውን መስታወት ያለፈ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ከሁለተኛው ሲደርስ ወይ ያልፋል፣ ወይ ይዋጣል፤ ሦስተኛ ዕጣ የለውም። ቆጠራ የሚያዋጣ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ባለፈ ነበር፤ መስታወቱ እንከን የሌለበት ከሆነ ግን የሚያልፈው ሩቡ ነው። የቅርንጫፍ ክብደት (ከጠቅላላው የሚይዘው ድርሻ) የሚገኘው አምፕሊትዩዱን (የኳንተም ቀመር ለእያንዳንዱ ውጤት የሚሰጠውን ቁጥር) በራሱ በማባዛት ነውና፣ እዚህ አምፕሊትዩዱ የሆነው የ60 ዲግሪ ኮሳይን 0.5 በራሱ ሲባዛ 0.25 ይሰጣል። ይህ የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1926 ያቀረበው ደንብ ነው። ሁሉም ውጤት በሚፈጸምበት ዓለም «ዕድል» ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ቁጥሩን ግን ሙከራው ይመሰክርለታል።

አሁን በሐሳብ ብቻ፣ ፎቶኑ ካላለፈ ሰው የሚገድል መሣሪያ አለ እንበል። አምስት ጊዜ ቢደጋገም፣ ሩቡ በየዙሩ ስለሚባዛ፣ ሰውየው በሕይወት የሚገኝበት ቅርንጫፍ ክብደት 1/1024 ብቻ ይሆናል፤ የቀረው 1023/1024 ቤተሰቡ ድንኳን ተክሎ የሚያለቅስበት ነው። ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ «ሞት አያገኘኝም» ባዮቹ የሞተበትን አውጥተው ይጥሉና የተረፈበትን እንደ 1 ይቆጥሩታል። ይህ ስሌት «ተርፌያለሁ፤ ከእንግዲህስ ምን ይጠብቀኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ ይሠራል፤ «ልግባበት ወይስ ልተወው?» ብሎ ለሚወስን ግን አይሠራም፤ ለእርሱ ሁሉም ቅርንጫፍ በሙሉ ክብደቱ መቆጠር አለበት።

የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቴግማርክ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለዚህ የሐሳብ ሙከራ ሲጽፍ ያስቀመጣቸውን ቅድመ ሁኔታዎችም ያስተውሉ። ዕጣው ኳንተማዊ መሆን፣ ሞቱ ሰውየው ውጤቱን ከማወቁ በፊት መድረስ፣ መሣሪያውም ማቁሰል ሳይሆን በእርግጥ መግደል አለበት። በሽታ፣ እርጅናና የመኪና አደጋ እነዚህን አያሟሉም፤ ሰውየው ውጤቱን ሳያውቅ ከመሞት ይልቅ ብዙውን ጊዜ አቅሙና ንቃቱ ጥቂት በጥቂት እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ከአደጋ በኋላ በሕይወት ከሚገኝባቸው ቅርንጫፎችም አካሉ የጎደለባቸው ብዙ ክብደት ይይዛሉ።