የወንድሜ ክኒን፦ የሳይኮሲስ መድኃኒት ለሚወስድና ለሚያስታምም

ታናሽ ወንድሜ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ የሌለውን እውነት የሚያስመስል የአእምሮ ሕመም) መድኃኒት በጀመረ በአራተኛው ቀን፣ እራት እየበላን ሳለ አንገቱ ወደ ግራ ተጣመመ። ዓይኖቹ ወደ ላይ ወጥተው ቀሩ። መንጋጋው ተቆለፈ፤ ሊናገር ፈልጎ አቃተው። እናቴ ከማዕዱ ተነስታ ማማተብ ጀመረች። «ይኸው መጣበት» አለች። ያን ጊዜ እኔም ከእሷ የተሻለ የማውቀው ነገር አልነበረም። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሷ አየችውና የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን መድኃኒት ጀመረ?» የሚል ነበር። አንድ መርፌ ወጋችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ። ውሃ ስጡኝ አለ።

መንፈስ አልነበረም። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ማርከሻም አለው። አስቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ወንድሜ ከዚያ ሌሊት በኋላ ክኒን ባየ ቁጥር ባልፈራ ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ስድስት ዓመት ያስታመምኩ እህት ነኝ። ዓይነቱንና መጠኑን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። እኔ የምነግራችሁ ቤት ውስጥ ያለውን ነው።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር አለ። ሰው የሌለ ድምፅ ሲሰማ፣ መንገደኛው ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራ ሲመስለው፣ በአንዳንድ የአእምሮ ክፍሎች ይህ ንጥረ ነገር ከልኩ በላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረው ክሎርፕሮማዚን አንስቶ እስከ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ድረስ ያሉት መድኃኒቶች ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዙበታል። ችግሩ፣ ዶፓሚን የሰውነትን እንቅስቃሴም ያዛል። አንገት መጣመሙ፣ እጅ መንቀጥቀጡ፣ አካሄድ መገተሩ ከዚያ ይመጣል።

ቶሎ ተአምር አትጠብቁ። እንቅልፍና መረጋጋት በቀናት ውስጥ ይመጣሉ። ድምፁ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ወንድሜ በአምስተኛው ሳምንት ላይ «ጠፋ» አላለኝም። «ራቅ አለ። ከጎረቤት ግቢ የሚሰማ ሬዲዮ ሆነ» ነው ያለኝ። እኛ በሁለተኛው ሳምንት «ይህ ነገር አይሠራም» ብለን ልንተወው ነበር።

አሁን ወደ አወሳሰዱ። ክኒን አትቁጠሩ፤ ሚሊግራም ቁጠሩ። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ሃሎፔሪዶል ባለ 1.5 ሚሊግራምም ባለ 5 ሚሊግራምም ክኒን አለው። ወንድሜ የታዘዘለት ባለ 1.5 ሁለት ፍሬ ነበር፤ በቀን 3 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ፋርማሲ ስገዛ ባለ 5 ተሰጠኝ። እኔ «ሁለት ሁለት» የሚለውን ብቻ ይዣለሁ። 10 ሚሊግራም ዋጠ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ተኛ፣ ምራቁ ትራሱን አራሰው፣ ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲህ ከፋርማሲው መስኮት ሳልርቅ የእሽጉን ጀርባ አነባለሁ። የቀጠሮ ካርዱ ላይም ሐኪሙን በሚሊግራም አስጽፋለሁ።

ሰዓቱን ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። እኛ ቤት የማታ 2 ሰዓት ዜና ሲያልቅ ነው። የሚያስተኛ መድኃኒት ከሆነ ማታ መውሰዱ ይሻላል፤ ለሚጾም ሰውም ይመቻል። ግን ሐኪሙ በቀን ሁለቴ ካለ ሁለቴ ነው፤ ለጾም ስትሉ ራሳችሁ አትቀይሩት፣ ጠይቁት። ከረሳችሁ፣ ልክ እንዳስታወሳችሁ ይወሰዳል። ቀጣዩ ሰዓት ከቀረበ ያለፈውን እለፉት። ደርባችሁ አትውሰዱ። ክሎዛፒን የሚባለውን ሌላ የሳይኮሲስ መድኃኒት ለሚወስድ ግን ሳይወስድ ሁለት ቀን ካለፈ እንደ ድሮው መጠን መቀጠል አደገኛ ነው፤ እንደገና ከትንሽ ነው የሚጀመረው። ስለዚህ ሳትውጡ ሐኪም ጋ።

አሁን የምናገረው ያሳዝነኛል። ወንድሜ አልውጥም ሲል ክኒኑን ፈጭቼ ሽሮ ውስጥ ጨመርኩበት። ብዙ ቤተሰብ እንደሚያደርገው አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ምሬቱን አወቀ። ምንም አላለም፤ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ገፋው። ሁለት ወር ከእጄ አልበላም። ራሱ የቀቀለውን እንቁላልና ራሱ የላጠውን ሙዝ ብቻ ነበር የሚበላው። ይመርዙኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ምግብ ውስጥ በድብቅ ነገር መጨመር፣ ፍርሃቱን እውነት ማድረግ ነው። አታድርጉት። በየቀኑ መዋጥ ካስመረረው በወር ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ እኛ አገር የተለመደው ፍሉፌናዚን ነው። ሐኪሙን አብራችሁ ጠይቁት። እሱ ፈቅዶ ይምረጥ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የክረምት ጃኬቱን ላጥብ ብዬ ገበሩ ውስጥ 23 ክኒን አገኘሁ። ልጮህ ነበር። እንደ ምንም ዝም አልኩና ሻይ አፍልቼ «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «እግሬ አልቀመጥ አለኝ። ውስጤ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል። ተኝቼም አልተኛም» አለኝ። እኔ ስንት ቀን ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አይቼ በሽታው ነው ብያለሁ! መድኃኒቱ ነበር። ቀጠሮ ሳንጠብቅ ሄድን፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ወደ ሪስፔሪዶን ቀየረለት። ጉንዳኑ ቆመ። ሰው መድኃኒት ሲያቆም ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ጠይቁ።

የሚያሳፍሩትንም ጠይቁ። የወር አበባ መቅረት፣ ሳይወልዱ ከጡት ወተት መውጣት፣ ወንዱ ላይ የወሲብ ስሜት መጥፋት ከእነዚህ መድኃኒቶች ሊመጣ ይችላል። ማንም ደፍሮ አያነሳውም፤ ክኒኑ ግን በዚህ ምክንያት ይጣላል። ክብደትም ይጨምራል፣ በተለይ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ላይ፤ ስኳርም ሊከተል ይችላል። ወንድሜ በወር አንዴ ታክሲ ተራው ጋ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ይመዘናል፤ ሁልጊዜ አንድ ሚዛን ላይ። የደም ስኳር ምርመራውን ሐኪሙ ያዛል፤ ካላዘዘ አስታውሱት።

ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ። ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመዘባረቅ ጋር ከመጣ፣ ወባ ነው ታይፎይድ ነው እያላችሁ አትቆዩ፤ መድኃኒቱ ራሱ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ምላስ ካበጠ ወይም ካልታዘዘ፣ ራሱን ከሳተም እንዲሁ። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ጉሮሮው ታምሞ ካተኮሰው የዚያኑ ዕለት የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። የትም ስትሄዱ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላዚል የሚባለው መድኃኒትም እኮ ዶፓሚንን ነው የሚይዘው፤ ከሃሎፔሪዶል ጋር ሲገናኝ ያ የአንገት መጣመም ሊመለስ ይችላል።

ጫት በተቃራኒው ዶፓሚንን ይጨምራል። መድኃኒቱ ያወረደውን ጫቱ ያወጣዋል። አረቄና ቢራ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደረቡ እንቅልፉን ያከብዱታል። ክሎርፕሮማዚን ከሆነ ቀትር ፀሐይ ላይ አትቁሙ፣ ከአልጋም ቀስ ብላችሁ ተነሱ።

ጸበሉን በተመለከተ እናቴና እኔ ብዙ ተጨቃጭቀናል። እሷ ክኒኑ ይቁም ትል ነበር። ጭቅጭቁን የፈቱልን የንስሐ አባታችን ናቸው። ሲራክ ምዕራፍ 38ን ከፍተው መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ አነበቡላት። አሁን ጠዋት ይጠመቃል፣ ማታ ክኒኑን ይውጣል።

ተሻለኝ ብሎ ማቆም የሚፈትን ነገር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው እንኳ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል። ማቆም ካለም ከሐኪም ጋር፣ ቀስ እየተባለ ነው። በሽታው ሊመለስ ሲል የእኛ ቤት የመጀመሪያ ምልክት እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ሁለት ሌሊት ካልተኛ ለሐኪሙ እደውላለሁ።

ይህን ሁሉ ለመከታተል አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሚሊግራም፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን አስጠላው። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምጽፈው፤ ሐኪሙ ፊትም እኔ ነበርኩ የማወራው። ባለፈው ቀጠሮ ወንድሜ ቀድሞኝ ገብቶ ተቀመጠ። ደብተሩን ራሱ ከፈተና «ዶክተር፣ ሦስት ጥያቄ አለኝ» አለ።